ያቺ ባዝራ

ነገሩ የሆነው በቡሄ ዕለት ነው። ነሐሴ 13 ቀን 2009 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሜልቦርን። ባለቤቴ ቤት ሙልሙል ትጋግራለች፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ይለማመዳሉ። እኔ ግን ታክሲዬን ፉትስክሬይ ገበያ ጀርባ አቁሜ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። ሲድኒ ራንድዊክ ሜዳ ላይ የ1,400 ሜትር ግልቢያ ሊጀመር ነው። ከተሰለፉት ውስጥ በተከታታይ 17 ጊዜ ያሸነፈች፣ ዊንክስ የምትባል ዳማ ባዝራ አለች። አገር ምድሩ እሷ እንድታሸንፍ ይመኛል። እኔ ደግሞ እንድትሸነፍ እጸልያለሁ። ጸሎት ማለቴ ከአፌ አምልጦኝ አይደለም፤ በፍልሰታ ጾም፣ በቡሄ ቀን፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሌሎቹ ተወረወሩ፣ ዊንክስ ቀረች። ከመነሻው ስትወጣ ፊተኞቹ ሦስት አራት የፈረስ ርዝመት ቀድመዋት ነበር። «ቀረች!» ብዬ ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮህኩ።

እዚያው ላቁማትና ወደ ኋላ ልመለስ።

የተወለድሁት እንጅባራ አጠገብ ነው። ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ፈረስ ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። አባቴ ልጆቹን ከማልበሱ በፊት ፈረሱን ያለብስ ነበር፤ እኛም ቅር አይለንም። አገራችን ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰው ክብሩን ከፈረሱ ሲዋስ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ሜልቦርን ስገባ ታክሲ መንዳት ጀመርሁ። በኅዳር ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ (የእነሱ ኖቬምበር ማለቴ ነው) ከተማው በፈረስ ምክንያት ሥራ ይዘጋል። የሜልቦርን ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ፍሌሚንግተን ሜዳ ላይ ይሮጣል፤ 3,200 ሜትር ነው፣ እስከ 24 ፈረስ ይሰለፋል። እኛም ሾፌሮቹ ከጠዋት እስከ ሌሊት ባርኔጣና አበባ ያደረጉ ሰዎችን ስናመላልስ እንውላለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋንጫ ዕለት ተሳፋሪው ሁሉ የሚያወራው ፌም ጌም ስለሚባለው የጃፓን ፈረስ ነበር፤ ተጠባቂው እሱ ነው። ያሸነፈው ግን በአንድ ዶላር መቶ የሚከፍል፣ ማንም ያልቆጠረው ፕሪንስ ኦቭ ፔንዛንስ ሆነ። ጋላቢዋ ሚሼል ፔይን ነበረች፤ ዋንጫውን በመውሰድ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እኔ በዚያ ቀን ደስ ሊለኝ የሚገባው በእሷ ነበር። አእምሮዬ የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተጠባቂው ፈረስ መሸነፉን።

ይህን አንድ ሳምንት ቆይቼ ቡና ቤት ለተቀመጠ የአገሬ ልጅ ነገርሁት። ሒሳብ አያያዝ የሚማር ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ተጠባቂ ፈረስ እኮ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ይሸነፋል» አለኝ። «ለምን ታዲያ በተቃራኒው አይወራረዱም?»

«እንዴት ሆኖ?»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እንደ ድሮው ከአወራራጅ ጋር አይደለም ጨዋታው፤ ሰው ከሰው ጋር የሚወራረድበት መድረክ ነው። ሌላው «ያሸንፋል» ብሎ ሲያስይዝ እኔ «አያሸንፍም» ብዬ ውርርዱን እቀበለዋለሁ። ፈረሱ ከተሸነፈ የሰውዬው ገንዘብ የእኔ ነው፤ ካሸነፈ እኔ እከፍላለሁ። አገናኙ ድርጅት ካሸነፈው ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል።

ልጁ የነገረኝ ውሸት አይደለም። በአውስትራሊያ ተጠባቂ ፈረሶች የሚያሸንፉት ከሦስት አንዱን ጊዜ ያህል ነው። እኔን የጎዳኝ ግማሹን ብቻ ማስላቴ ነው። ኦዱ፣ ማለትም ፈረሱ ሲያሸንፍ ለአንድ ዶላር የሚመለሰው፣ 3 ነው እንበል። ሰውዬው 20 ዶላር አስያዘ፤ እኔ በበኩሌ 40 ዶላር እይዛለሁ። ሁለት ጊዜ ፈረሱ ተሸነፈ፣ ሃያ ሃያ፣ 40 ዶላር አገኘሁ። በሦስተኛው አሸነፈ፣ 40 ዶላር ከፈልሁ። እጄ ላይ ምን ቀረ? ምንም። ከምንም ላይ ደግሞ ኮሚሽን ተቆርጧል። የተጠባቂው መሸነፍ ለማንም ምስጢር አይደለም፤ ኦዱ ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል። እንዲያውም የውርርድን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አለ፤ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚበትነው በብዛት ሩቅ ተስፋ ባላቸው ፈረሶች ላይ ነው፣ ተጠባቂዎቹ የሚያስከፍሉት ኪሳራ ያነሰ ነው። እኔ ታዲያ ከሜዳው ሁሉ መርጬ የተጋፈጥሁት ብርቱውን ወገን ነበር።

ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። በመጀመሪያው ወር ተጠባቂዎቹ ተራ በተራ ወደቁልኝ። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ሲከብድ አንዱ ቀረ፣ ሌላውን ከውጭ በኩል የተሰለፈበት በር ጎዳው። ትንንሽ የገጠር ሜዳዎችን ስም እንደ ጸበል ቦታ አጠናሁ። ከዚያ በአንድ ረቡዕ አራት ተጠባቂዎች በተከታታይ አሸነፉ። የወሩን ትርፍ ከሰዓት በኋላ ከፍዬ ጨረስሁት፣ ለማስመለስም ጨመርሁበት።

ዊንክስ ወደ ሒሳቤ የገባችው ያኔ ነው። ሁሉም እሷን ስለሚይዝ ኦዷ እጅግ ትንሽ ነበር። ኦዱ 1.10 ከሆነ፣ የ1,000 ዶላር ውርርድ ለመቀበል እኔ የምይዘው 100 ዶላር ብቻ ነው። በርካሽ የተገዛ ትልቅ ተስፋ መሰለኝ። «አንድ ቀን መሰናከሏ አይቀርም» እያልሁ በሮጠች ቁጥር እይዛለሁ። አልተሰናከለችም። ከመቶ ጀመርሁ፣ 150 ሆነ፣ 200 ደረሰ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ልናገር፤ ለጥር ጊዮርጊስ አገር ቤት የምሄድበት የአውሮፕላን ትኬት ነበር።

የሚከብደኝን ነገር አሁን ልንገራችሁ። በየእሑዱ ለአባቴ እደውላለሁ። አንድ ቀን ወሬ ቢጠፋኝ፣ «አባዬ፣ እዚህ አገር የማትሸነፍ ፈረስ አለች» አልሁት።

«ባዝራ ናት?»

«ባዝራ ናት። ዳማ።»

ከዚያ ወዲያ ከጤናዬ በፊት እሷን መጠየቅ ጀመረ። «ያቺ ባዝራ እንዴት ሆነች?» ይለኛል። አሸነፈች ስለው ይስቃል፤ ሳቁ እስከ ሜልቦርን ይሞቃል። ስለ ጋላቢዋ ስለ ሂዩ ቦውማን ስነግረው፣ «ይህ ሰው ከእንግዲህ አባ ዊንክስ ነው መባል ያለበት» አለ። አባቴ በልቡ ሲጋልባት እኔ በገንዘቤ እጠልፋታለሁ። እያንዳንዱ የምሥራች ለእኔ ዕዳ ነበር፤ «አሸነፈች» ስል ድምፄን አስተካክዬ ነው።

ወደ ቡሄው ቅዳሜ እንመለስ። ዊንክስ ከኋላ ናት፣ እኔ 200 ዶላር ይዤባታለሁ፣ ከተሸነፈች ወደ 2,000 የሚጠጋ ይመጣል። ቦውማን አልደነገጠም። በጅራፍ አላጣደፋትም፣ እንድትረጋጋ ተዋት። መጨረሻው ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ፎክስፕሌይ የምትባለው፣ በዊንክስ በራሷ አሰልጣኝ በክሪስ ዎለር የምትሠለጥነው ባዝራ ከፊት ናት። ዊንክስ ከውጭ በኩል ወጣች። አካሄዷ ሲለወጥ ታየኝ፤ አንገቷ ዝቅ አለ፣ እርምጃዋ ሰፋ። አባቴ ቢያይ ኖሮ ብድግ ይል ነበር። እኔ «አትድረሺ፣ አትድረሺ» እላለሁ። በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ደረሰችና ቀደመች።

በሕይወቴ ካየኋቸው ግልቢያዎች ሁሉ የሚበልጠውን አየሁ፤ ያየሁት ግን በጠላት ዓይን ነው። ከ200 ዶላሩ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው። 

ማታ ሙልሙሉ ቀርቦ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ገንዘቡስ ይሁን፣ ለአባትህ ምን ልትላቸው ነው?» አለችኝ።

ሂሳቤን ዘጋሁ። (መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ቤትስቶፕ የሚባለውን ራስን ከውርርድ የማገጃ መዝገብ ሲከፍት ለዕድሜ ልክ ተመዝግቤያለሁ። ስድስት ዓመት ሳልነካው ቆይቼ መመዝገቤ ለአንዳንዱ ትርፍ ይመስለው ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ከንፈሬን አስታውሳለሁ።) ከዚያም አንድ ቀን ሜልቦርን ሙዚየም ሄጄ ፋር ላፕ የሚባለው የድሮ ፈረስ ፊት ቆምሁ። ቆዳው እዚያ ቆሟል፣ ትልቅ ልቡ ካንቤራ ነው፣ አጽሙ በተወለደበት አገር ኒው ዚላንድ። እ.ኤ.አ. በ1930 ለዋንጫው ተጠባቂ ነበርና፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ከጠዋት ልምምድ ሲመለስ ተተኮሰበት። ሳቱት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሮጦ አሸነፈ፣ ማክሰኞ ዋንጫውን ወሰደ። ተኳሾቹ አልተያዙም፤ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው እሱ ካሸነፈ ብዙ የሚከፍሉትን ነው። በዓመቱ 68 ኪሎ አሸክመውት ስምንተኛ ወጣ። እዚያ መስታወት ፊት ብዙ ቆምሁ። እኔ ጠመንጃ አልያዝሁም፤ ምኞታችን ግን አንድ ነበር።

ትኬቱን እንደገና አጠራቅሜ በጥር 2011 ዓ.ም እንጅባራ ገባሁ። ለአባቴ የነገርሁት የጊዮርጊስ ዕለት ማለዳ፣ ፈረሱን ሲያለብስ ነው። እጁ ኮርቻው ላይ ቆመ። አልተቆጣም።

«ባዝራዋ ምን በደለችህ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጓሙን እንድይዝለት ሰጠኝ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 5 ዊንክስ ለመጨረሻ ጊዜ ራንድዊክ ላይ ሮጠች። ሳንቲም አልያዝሁም። ፉትስክሬይ አንድ መጠጥ ቤት ቴሌቪዥን ሥር ቆሜ አባቴ ጋ ደወልሁና ስልኩን ወደ ጩኸቱ ከፍ አደረግሁት። እንጅባራ ገና ጠዋት ነው። ቀጥ ያለው ሜዳ ላይ ስትገባ እኔም ጮህኩ፣ በስሟ ጠራኋት። በተከታታይ 33ኛዋን አሸነፈች።

«አሸነፈች?» ይላል ከወዲያ።

«አሸነፈች አባዬ!»

ድምፄን ማስተካከል አላስፈለገኝም። ከወዲያኛው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ አባቴ «አባ ዊንክስ!» ብሎ ጀምሮ ያቅራራ ገባ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ፈረሱም አብሮት ሲያሽካካ ሰማሁ።