የነቃ እንስራ

ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣውን አጠፈና «መንግሥት ገጠር ላይ የሚያፈሰው ገንዘብ እኮ የነቃ እንስራ ላይ እንደሚቀዳ ውሃ ነው» አለ። ገጠር ተወልጄ፣ በመንግሥት በጀት በተሠራ የገጠር ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ፣ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ተያያዝነው።

ነቃ አልክ ወንድሜ? አዎ ነቅቷል፤ የነቃው ግን ሰዉ ነው! በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። በ1992 ዓ.ም ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም 67 ሆነ። ለውጡን ብቻቸውን አመጡት አልልህም። ግን አንዷን ሥራ ላይ አይቻታለሁ። የክትባት ሳጥኗን አንግታ አቀበቱን ወጣች፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ ለካች። ቢጫው ላይ ቆመ። እናቲቱ ልጇ የከሳው ጥርስ ሲያወጣ መስሏት ነበር። ቀዩ ላይ ሳይደርስ ተደረሰለት።

«ቢሆንም ከተማው እየሠራ ገጠሩ ይበላል» አለኝ።

እስኪ የያዝከውን ማኪያቶ እንየው! ቡናው ከጅማ ወይ ከይርጋጨፌ፣ ወተቱ ከሰላሌ፣ ስኳሩ ከመተሐራ ነው። ውሃው የከተማው ነው እንዳልልህ፣ እሱም የሚመጣልህ ከለገዳዲ ነው። ማን ማንን እያበላ እንደሆነ ስኒህን ጠይቀው።

«እሺ፣ ይሰጣቸው፤ ግን ችሮታ መሆኑ ይታወቅ!»

ችሮታማ ደጅ ተጠንቶ የሚገኝ ነው። ይሄ ሕገ መንግሥት ላይ ተጽፏል፤ አንቀጽ 89፣ ንዑስ አንቀጽ 4፤ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በሕግ የተጻፈ ዕዳ ሲከፈል ምጽዋት አይባልም።

«ይኸው የዓባይ ግድብ ተሠራላቸው አይደል?»

ተሠራላቸው ሳይሆን ሠሩት በል። መጋቢት 2003 ዓ.ም መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ በሬውን ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬም እንደ ደመወዝተኛው ቦንድ ገዝቷል። ዛሬም ማታ ማታ ኩራዝ የሚያበራ አለ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ኖሯል፤ የዓባይን ልጅ መብራት ጠማው እንዳይባል ምሰሶው ቶሎ ደጁ ይድረስለት።

ሰውየው ትንሽ አሰበና «የተተከለው ሁሉ እየተሰበረ የሚቀረውስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ እውነት ይዘሃል፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የተወለድኩበት ቀበሌ የውሃ ፓምፕ ከቆመ ዓመት አልፎታል። የተበላሸችው መዳፍ የማትሞላ የጎማ ቀለበት ናት። የውሃ ኮሚቴው ወረዳ ከተማ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አጣት። ሴቶቹ ቢጫ ጄሪካናቸውን አዝለው በቆመው ፓምፕ አጠገብ እያለፉ ወንዝ ይወርዳሉ። ሲመረቅ ድንኳን ተተክሎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ በሬ ታርዶ ነበር። ለዚያች ቀለበት ግን በጀት አልተያዘም።

የነቃ እንስራ ያልከው ይህን ከሆነ እቀበልሃለሁ። ግን ወንድሜ፣ እንስራ ሲነቃ የነቃበት ይደፈናል እንጂ ምንጩ አይደፈንም! የጤና ኤክስቴንሽኗ የሕፃኑ ደጃፍ የደረሰችው ወር ደርሶ ደመወዟ ስለሚከፈል፣ እዚያው ቀበሌ ስለምትኖር ነው። ፓምፑም እንደሷ የራሱ ሰው ይኑረው። የሚተከልበት ገንዘብ ሲበጀት የመለዋወጫው ዋጋና የጠጋኙ ደመወዝ አብሮ ይበጀት።

«ለመሆኑ ያቺ ቀለበት ስንት ናት?» አለኝ።

የሁለታችን ማኪያቶ ሒሳብ ብትሆን ነው።