አንደኛ የሚያደርግ ሰው

የእንግዳ ማረፊያችሁን ድረ ገጽ ጎግል ላይ ከፍ የሚያደርግ አማካሪ ስትመርጡ፣ «አንደኛ አወጣሃለሁ፤ ዋስትና እሰጣለሁ» የሚለውን እንዳታልፉት። ጎግል በበኩሉ አንደኝነትን ማንም በዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ጎግል ስለ ጎግል ምን ያውቃል?

ዘዴውን ብትጠይቁት «ምስጢር ነው» ይላችኋል። ደግ አደረገ። የጀርመን ቢኤምደብሊው ድረ ገጽ ለጎብኚ አንድ፣ ለጎግል ሌላ ገጽ ሲያሳይ ተደርሶበት በ2006 እ.ኤ.አ. ከፍለጋ ውጤት ተሰርዞ ነበር። ምስጢር ያልጠበቀ እንዲህ ይሆናል። ሰውዬአችን ደግሞ የገጹ ኮድ ውስጥ «ኪይወርድስ» የሚለው ቦታ ላይ ቃላት ይጠቀጥቃል። ጎግል ይህን ለደረጃ እንደማያየው በ2009 እ.ኤ.አ. አስታውቋል፤ እሱ ግን ባህል አክባሪ ነው።

ውጤቱን የሚያሳያችሁ በራሱ ስልክ ነው። የእንግዳ ማረፊያችሁን ሙሉ ስም፣ ከነሰፈሩ፣ ከነ«ኃላ.የተ.የግ.ማ.» ይጽፋል። ይኸው አንደኛ! እናንተ በቤታችሁ «ቦሌ ርካሽ ማረፊያ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ስድስተኛው ገጽ ላይ ብትገኙ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ቱሪስቱ የድርጅታችሁን የንግድ ምዝገባ ስም በቃሉ አጥንቶ እንደሚመጣ የታወቀ ነው።

አንደኝነቱን ለጎረቤታችሁም ሸጦለታል፤ ከአስፋልቱ ማዶ ላለው ሆቴልም እንዲሁ። ቀብዱን ሦስታችሁም ከፍላችኋል፤ ሦስታችሁም አንደኛ ናችሁ። ቅር ያለው ካለ፣ ወርሃዊ ክፍያ ጨምሮ ከአንደኛም በላይ መውጣት ይችላል።

የራሱን ድረ ገጽ አትጠይቁት፤ የለውም። ቢኖረውማ አንደኛውን ቦታ ይይዝባችሁ ነበር።