ልብሱን ሳያዩ ፋሽን መዘገብ

ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ የፋሽን ሳምንት ሊዘግብ የሚመጣ ጦማሪ፣ ሥራውን ማበላሸት መጀመር ያለበት አዳራሹ ደጃፍ ሲደርስ ሳይሆን ገና አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ከሐይቅ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእንቅልፍ ይበቃል። ደሴ እስኪያልፍ ስልኩን ይነካካ፤ ኮምቦልቻ ሲቃረብ ግን ዓይኑን ይጨፍን። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚያ ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ሲገባ ፓርኩ ተዘረፈ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች። ይህን ሁሉ በመስኮት አይቶ፣ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰውም ሰምቶ የሚመጣ ጦማሪ፣ «ልብስ» ሲባል ሰፊዎቹ ትዝ እያሉት ሊቸገር ነው። ስለዚህ ይተኛ። ጣርማበር ላይ ብርዱ ራሱ ይቀሰቅሰዋል፤ ያኔ ሰልፊ ይነሳ።

ለዝግጅት ጊዜ አያጥፋ። አዲስ አበባ ውስጥ የፋሽን ሳምንት ሲነሳ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነሳው ማህሌት ተክለማርያም የመሠረተችው «ሀብ ኦፍ አፍሪካ» ነው። እንደ ፍቅርተ አዲስና እንደ ማህሌት አፈወርቅ ያሉ ዲዛይነሮች በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ይዘው መድረክ ላይ የወጡበት ዝግጅት ነው። ጦማሪው ሁለቱን ማህሌቶች ቢያምታታ ግድ የለም፤ እንዲያውም ያምታታ። ፍቅርተ ሥነ ልቦና ተምራ ወደ ስፌት የገባች መሆኗን፣ «ማፊ» በሚል ስም የምትሠራው ማህሌት አፈወርቅ ደግሞ ዲዛይንን ራሷን በራሷ ያስተማረች መሆኗን አስቀድሞ ካነበበ ጥያቄው ሊለያይበት ነው፤ አንዷን የጠየቀውን ሌላዋን ሊጠይቅ አይችልም። ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ፦ «መነሻ ሐሳብሽ ምን ነበር?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ባህላችን» ስለሚሆን መቅረጸ ድምፅ መክፈትም አያስፈልገውም።

አሁን ወንበር። ከዚህ ሥራ ዋናው ወንበር ነው።

የፋሽን ሳምንት የሚባለው ነገር ራሱ የተፈጠረው ለዘጋቢ ነበር። በ1943 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አዘጋጆች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ፓሪስ መሄድ ሲያቅታቸው፣ ኤሊኖር ላምበርት የተባለች የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ኒውዮርክ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስባ የአገሯን ሰፊዎች ሥራ አሳየቻቸው፤ ስሙንም «የፕሬስ ሳምንት» አለችው። ታዛቢው ተቀምጦ ልብስ ያያል፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጦማሪው ይህን ጊዜ ያለፈበት ልማድ ይተወው። እርሱ የሚሄደው ለመታየት ነው።

ለዚህ ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. የተሻለ አርአያ አይገኝም። ታቪ ጌቪንሰን የተባለች የ13 ዓመት አሜሪካዊት ጦማሪ ፓሪስ በዲዮር ትርዒት ላይ ትልቅ የቀስት ቅርጽ ያለው ባርኔጣ አድርጋ ከፊት ተቀመጠች፤ ከኋላዋ የነበረች የ«ግራዚያ» መጽሔት ጋዜጠኛ መድረኩ ሲከለልባት ባርኔጣውን ራሱን ፎቶ አንስታ ለዓለም በተነችው። ከዚያ ሁሉ ዲዮር ልብስ ዛሬ ድረስ የሚታወሰው ባርኔጣው ነው። (በልጅቷ ላይ ለመፍረድ ያስቸግራል፤ ስለ ልብስ ስትጽፍ ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ትሻል ነበር። የእኛ ጦማሪ ግን ከእሷ የሚወስደው ባርኔጣውን ብቻ ነው።) ሦስት ዓመት ቆይቶ ሱዚ ሜንክስ የተባለችው አንጋፋ ሐያሲ፣ የፋሽን ሳምንት ደጃፍ ለፎቶ በሚንጎራደዱ ሰዎች ተሞልቶ ሰርከስ መስሏል ብላ ጻፈች። ጦማሪው ጽሑፉን ካገኘው እንደ መመሪያ ያንብበው።

ሊመስለው የማይገባ ሰውም አለ፦ ቢል ከኒንግሃም። የ«ኒውዮርክ ታይምስ» ፎቶ አንሺ የነበረው ይህ ሰው፣ የፈረንሳይ የጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጃኬት ደርቦ፣ በብስክሌት እየዞረ በ2016 እ.ኤ.አ. በ87 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሠራ። የሀብታሞች ግብዣ ላይ ሊያነሳ ሲገባ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ አይቀበልም ነበር። የእኛ ጦማሪ ውሃውን ይጠጣ፤ ቡፌውም ላይ ይሰለፍ፤ «ለትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ከተዘረጋለት በሁለት እጁ ይቀበል። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ነገር ሳይጨነቅ ራሱ ይመጣለታል፦ «እጅግ የደመቀ ምሽት»።

ሰዓትንም በተመለከተ፣ ግብዣው 12 ሰዓት የሚል ከሆነ አንድ ተኩል ላይ ይድረስ። በሐበሻ ቀጠሮ ቀድሞ የመጣ ሰው ይመስላል። ከመድረክ ጀርባ የሚያስገባው ካገኘ ይግባ፤ እዚያ ግን ዓይኑን መጠበቅ አለበት። ከፊት ልክክ ብላ የታየችው ቀሚስ ከኋላ በአምስት መርፌ ቁልፍ ተሰብስባ መያዟን፣ አንዲት ልጅ ተንበርክካ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ዘርፉን ስትጠመዝዝ ማየት አደገኛ ነው። ያየ ሰው ይጠይቃል፤ የጠየቀ ይጽፋል፤ የጻፈው ደግሞ ረጅም ይሆንበታል። ከታዋቂ ሰው ጋር ፎቶ ተነስቶ ይውጣ።

ስለ ጨርቁ የግድ መጻፍ ካለበት እንዳይነካው ይጠንቀቅ። ሽሮ ሜዳ ላይ ያሉ ነጋዴ እናቶች ገዢ ሲያመነታ «ልጄ፣ ገልብጠህ እየው» ይላሉ። ገልብጦ ያየ ሰው ብዙ ነገር ያውቅበታል። በፋብሪካ የታተመ ጥለት ከፊት ደምቆ ከጀርባው ነጣ ይላል፤ በእጅ የተሸመነው ግን ክሩ ራሱ ጨርቁ ውስጥ ስለሚገባ ጀርባው ላይም ቀለሙ አለ፣ የተቋጠረና የተንጠለጠለ ጫፍም ይገኝበታል። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ደግሞ ለጣት እኩል አይደለም፤ ቦታ ቦታ ላይ ይወፍራል። ከውጭ ተጭኖ የሚመጣው የታተመ «የሐበሻ ቀሚስ» ሸማኔው ሳምንት የደከመበትን በትንሽ ዋጋ አስመስሎ ገበያውን የሞላው ይህን ልዩነት የማያይ ዓይን ስለበዛ ነው፤ ጦማሪው ያንን ዓይን ሊያበዛ እንጂ ሊያሳንስ አልመጣም። ሁለቱንም አንድ ላይ «የጥበብ ልብስ» ይበላቸው። ፈታዩዋን፣ ሸማኔውን፣ ጠላፊዋን ስም አይጥራ። የሞዴሏ፣ የሜካፕ ባለሙያዋ፣ የፎቶ አንሺውና የመጠጥ ስፖንሰሩ ስም ግን እንዳይረሳ።

ግምገማው በብልጭልጭ ይመዘን። ዘርፍና ጨሌ የበዛበት «አስደናቂ»፣ ያነሰበት «ቀለል ያለ» ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው አምሳለ አበራ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለራሷ ሠርግ ያልተንዛዛ ቬሎ ብትፈልግ አጥታ፣ ራሷ መሥራት ጀምራ ኒውዮርክ ላይ ስሟ የተነሳው ከቀሚስ ላይ ጌጥ እየቀነሰች ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ስታርፍ የዓለም ጋዜጦች የጻፉላት ስለዚያ ቅነሳ ነው። በጦማሪው ሚዛን ከሆነ አምሳለ ምንም አልሠራችም።

ጫማ ላይ ሁለት ዓይነት ሚዛን ይያዝ። አምባሰል ዳገት ላይ ገበሬ የሚጫማውን ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ «ገጠሬ» ይበለው። ይኸው ጎማ ተቆርጦ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ሠፈር በመሠረተችው «ሶል ሬብልስ» በኩል ውጭ አገር መደብር ሲገባ ደግሞ «ፈጠራ» ይበለው። ገበሬው የቱ ጋ እንደቀረ አይጠየቅም።

ሳምንቱ አልቆ አገር ቤት ሲመለስ ሥራው ይብሳል፤ አሁን «ከባህል የተቀዳ» ፎቶ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፦ ውሃ አለ፣ ዛፍ አለ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም አለ። ጦማሪው ሴት ሞዴሉን አሳምሮ፣ መብራትና አንጸባራቂ አሸክሞ በሩ ድረስ ይሂድ። ሴት እንደማይገባበት እዚያው በር ላይ ይነገረው፤ ቀድሞ አንድ የሐይቅ ሕፃን ጠይቆ ማወቅ ፕሮፌሽናል አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓን፣ ገዳሙ ያሳደጋቸውን መነኮሳትና በዚያ ዘመን የተጻፈውን የወንጌል ብራና ለታሪክ መምህራን ይተወው። ፎቶው ሐይቁ ዳር ተነስቶ «ጣና» የሚል ስም ይሰጠው። ሁለቱም ላይ ገዳም አለ፤ ማን ይለያቸዋል?

መስከረም 21 ላይ ደግሞ ግሸን አለች። አምባሰል ውስጥ ያለችው ይህች የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ በዓመታዊ ክብረ በዓሏ ከየአገሩ ተሳላሚ ይተምባታል፤ ዳገቱ ከላይ እስከ ታች በነጭ ነጠላ ይሸፈናል። ለጦማሪው ይህ ነፃ መድረክ ነው፤ መብራት የፀሐይ፣ ሞዴሉ ሺህ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ነው እውቀት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ሲጣፋ አንድ ነገር ነው። ጥለቱ ከእግር በኩል መዋሉ ቀርቶ ወደ ላይ ዞሮ ትከሻና አንገት ላይ ካረፈ ግን ለባሿ ሐዘን ላይ ናት። አንዲት እናት ዳገቱን በመቋሚያ እየወጡ፣ ጥለቱን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ድንጋይ ላይ አረፍ ሲሉ ጦማሪው ጎንበስ ብሎ ይተኩስ። ቀና ብለው «ምነው ልጄ?» ካሉት «አብሽሩ እማማ፣ ለማስታወሻ ነው» ይበላቸው። ማታ ከፎቶው ሥር እንዲህ ይጻፍ፦ «የዘንድሮ አዲስ ስታይል! ጥለት ወደ ላይ! ማን ይሞክረዋል?» አሥር ልጃገረዶች ለሠርግ ቢሞክሩት ጦማሪው ተጽዕኖ ፈጣሪ ሆነ ማለት ነው።

ቪዲዮ ከሆነ ዘፈን ይግባበት። አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ሆኖ የአገሩን ስም ይዞ ዓለም ዞሯል፤ ማሪቱ ለገሰን የሰማ ሰው ለመለየት አይቸገርም። ጦማሪው የአምባሰልን ተራራ እያሳየ ከሥሩ ሌላውን ቅኝት፣ ባቲን ያስገባ፤ ባቲ ገበያን ሲያሳይ ደግሞ አምባሰልን። የአገሩ ሰው አስተያየት መስጫው ላይ ቢያርመው ይዝጋበት። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሁለቱን ስም በየተራ ሲያነብ ያደገ ልጅ እንዴት እንዲህ ይሳሳታል የሚል ካለም፣ መልሱ ቀላል ነው፦ ተኝቶ ነበር።

በመጨረሻ ገንዘቡ ይመጣል። አንድ የጸጉር ቅባት አስመጪ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ይልክለታል፤ ጦማሪው የአማርኛውን ገረፍ አድርጎ፣ የሌላውን ሳያነብ ይፈርም። አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌ የምትባል ከተማ አለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመ ውል ሁለቱ ቅጂዎች አንቀጽ 17 ላይ አንድ አልነበሩም። ምኒልክ እሱን ለማስተካከል እስከ ዓድዋ መዝመት ነበረባቸው። ጦማሪው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ፎቶዎቹ የኩባንያው ንብረት መሆናቸውን ሲያውቅ፣ ከእነዚያም አንዷ የግሸኗ እናት ቅባት ማስታወቂያ ላይ ስትወጣ ሲያይ፣ የሚጠበቅበት «ስቶሪ» ላይ አንድ የሚያለቅስ ፊት መለጠፍ ነው፤ እሱም በ24 ሰዓት ይጠፋል።