ሁለት ደቂቃ ብቻ፦ ስለ መንገድ ላይ ቀረጻ የቀረበ ጥናት

የአዲስ አበባ ነዋሪ መንገድ ላይ የሚያቆሙትን ነገሮች ጠንቅቆ ያውቃል። ዝናብ ያቆመዋል፣ የባለሥልጣን አጀብ ያቆመዋል፣ ተቆፍሮ የተረሳ ጉድጓድ ያቆመዋል። እነዚህ ሁሉ በቂ ጥናት ተካሂዶባቸዋል፤ ቢያንስ በቂ ተወርቶባቸዋል። ቀረጻ ግን እስካሁን ሊቅ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴው ቆሞ መጠበቅ ነው። አጥኚው ዘዴውን አልመረጠውም።

ችግሩ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ሊዮን ከተማ ውስጥ ካሜራቸውን የደገኑት በገዛ ፋብሪካቸው በር ላይ ነበር። ፊልሙ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ ያሳያል። ታዲያ ይህ ፊልም ዛሬ በሦስት የተለያየ ቀረጻ ይገኛል። በሌላ አነጋገር፣ በሲኒማ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ ተዋንያን መካከል ወደ ቤታቸው ለመሄድ የወጡ ሰዎች ይገኙበታል፤ እነሱም በሌላ ቀን «እስቲ እንደገና ውጡ» ተብለዋል። በእኛ አገር ሲኒማ የመጣ ሰሞን የሚታይበት ቤት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው የፈራው ቤት ውስጥ ያለውን ነው። መንገድ ላይ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለፊልም ተብሎ የተሠራ ስቱዲዮ እዚህ ብርቅ ነው። ቤት ኪራይ አለው፤ ካፌም ያስከፍላል። መንገድ ግን የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ማለት ደግሞ የደረሰ ሁሉ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የፍቅር ፊልም ዋና መራመጃውን አጣ። አሁን በኮሪደር ልማቱ መብራት ሥር ተቋቁሟል፤ ፍቅረኞቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱት በብስክሌት መንገዱ ላይ ነው።

የቀረጻ ቡድን በአራት ይከፈላል፦ ጄኔሬተር ያለው፣ ሪፍሌክተር ብቻ ያለው፣ ሙሽራ ያለውና ስልክ ያለው። ስልክ ያለው ማይክ አፍህ ላይ ደቅኖ ደመወዝህን የሚጠይቅህ ነው፤ የእሱ ጉዳይ ከጥናት ይልቅ ለፍርድ ቤት ስለሚቀርብ እዚህ ይታለፋል። ሙሽራ ያለው ወቅታዊ ነው፤ በጥር ይበዛል፣ በዐቢይ ጾም ይጠፋል፣ ከፋሲካ በኋላ አገግሞ ይመለሳል። አደባባይ ቢዘጋም ሙሽራን የሚቆጣ የለም፤ የሚረገሙት ሚዜዎቹ ናቸው። ሪፍሌክተር ብቻ ያለው የዘፈን ክሊፕ ነው፤ ቶሎ ይሄዳል፣ መኪናውን በሰዓት ነው የተከራየው።

ጄኔሬተር ያለው ደብዳቤም አለው። ደብዳቤው ማኅተም ያረፈበት ሆኖ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። መንገዱን ከዘጋው ገመድ ወዲህ የቆምነው ሁሉ አንብበነዋል፤ ይመለከተን እንደሆነ ግን መስማማት አልቻልንም። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚለው ሐረግ ላይ አንድ ጡረተኛ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «እኔ ለመተባበር ዝግጁ ነኝ፤ ግን ከወዲያ ማዶ ሆኜ» አሉ። አልተፈቀደላቸውም።

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት ግን አንድ ወጣት ነው። ሥራው ሰው ማቆም ስለሆነ አጥኚው አስቋሚ ብሎ ሰይሞታል። ስሙ የፊልሙ መጨረሻ ላይ ቢወጣ እንኳ ተመልካቹ በዚያን ሰዓት መውጫ በሩ ላይ እየተጋፋ ነው። ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ተዋንያኑ ጀርባውን ወደ ሕዝቡ ሰጥቶ ይቆማል። ከነዋሪው ጋር የሚነጋገረው በትከሻው በኩል ነው።

አስቋሚም በዓይነት በዓይነቱ ነው። ለማኝ አስቋሚ «የኔ እናት፣ በማርያም፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ይላል፤ በማርያም የተባለ ሰው ደግሞ ማለፍ ይከብደዋል። ባለ ሰደርያ አስቋሚ ጠዋት ሲመጣ ለማኝ ነበር። አንጸባራቂ ሰደርያ ከለበሰ በኋላ ድምፁ ይወፍራል፣ «ወዴት ነው?» ማለት ይጀምራል፤ «ቤቴ» ሲሉት «በዚያ በኩል ዙር» ይላል። በዚያ በኩል ሌላ ባለ ሰደርያ አለ። ሹክሹክተኛው ደግሞ ድምፅ እየተቀረጸ ስለሆነ ከሚኒባስ ሹፌር ጋር የሚጣላው በምልክት ነው። ከሁሉም የከፋ መጨናነቅ የሚፈጥረው እሱ ነው፤ ምን እንዳለ ለመስማት ሁሉም ይጠጋል።

የሰፈር ልጅ አስቋሚ ለብቻው መታየት አለበት። በዚያው ጠዋት ከጀበና ቡናው በርጩማ ላይ የተቀጠረ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ «እሱ የኛው ነው» እያለ ያሳልፋል፤ በዚህም ምክንያት የዋና ገጸ ባሕርይዋ ልብ በሚሰበርበት ትዕይንት ከኋላዋ የልጁ አክስት እህል ልታስፈጭ ስትሄድ በግልጽ ትታያለች፣ ሰላምታም ትሰጣለች። የማያውቀውን በትሕትና ያቆማል። ከሁሉ አስረዝሞ የሚያቆመው ግን ዱቤ ያለበትን ባለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ገመዱን እንደያዘ «የሁለት ወሩን ሳሙናና ስኳር መቼ ነው የምትከፍለው?» ሲለው፣ ልጁ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በታላቅ ሙያዊ ክብር «ዝም በል፣ ቀረጻ ላይ ነን» ብሏል። ዕዳ በኪነ ጥበብ ሲታገድ አጥኚው የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

አስቋሚ ሁሉ የሚጠቀምበት መለኪያ ሁለት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ ብሎ ያቆመ እስካሁን አልተገኘም። ሁለት ደቂቃው ፀሐይ ከደመና እስክትወጣ ሊሆን ይችላል። ባትሪ እስኪቀየርም ይሆናል። በጣም ረጅሙ ሁለት ደቂቃ መሪ ተዋናዩ እስኪደርስ ያለው ነው፤ ተዋናዩ ያልደረሰው መንገድ ተዘግቶበት ሲሆን፣ መንገዱን የዘጋው የራሱ ቀረጻ ነው። ኃይሌ ገሪማ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ጥፊ ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጅቷል።

የጥፊው ጥፋት የቆራሌው ነው። አስቋሚ እግረኛን ያቆማል፣ አህያን ያቆማል፤ ቆራሌው ግን አስቀድሞ የሚደርሰው ድምፁ ስለሆነ ገመድ አይመልሰውም። ከጥፊው አስቀድሞ ተዋናይቷ እንባዋን አዘጋጅታ «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ «ቁራሌው!» ይላል። ከት። ድጋሚ እንባ፣ ድጋሚ «ቁራሌው!»። በመጨረሻ እንዲያናግረው ሰው ተላከ። ቆራሌው መጣ፤ ነገሩን በጥሞና አዳመጠ፤ ጄኔሬተሩን ዞሮ አየና በኪሎ ጠየቀ።

የጉሊት ነጋዴዋን ጉዳይ ሳያነሱ ማለፍም አይቻልም። ማሳደድ ያለበት ፊልም ሁሉ የሰው ቲማቲም ይገለብጣል፤ ይህ የዘርፉ ሕግ ነው። ዳይሬክተሩ ዋጋውን እንደሚከፍል ነገራት። «አንዴ ነው ወይስ እየደጋገማችሁ?» አለች። እንደ ሁኔታው ነው አላት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ቲማቲሙን ተወውና ሽንኩርቱን ገልብጥ፣ ልጄ፤ ሽንኩርት ተለቅሞ ይመለሳል» አለችው። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ በጀት የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ግን የነገሩ ሁሉ አስኳል እዚህ ነው። ሁላችንም ከቆምን በኋላ ዳይሬክተሩ ሞኒተሩን አየና ራሱን እያከከ «መንገዱ ባዶ ሆነብኝ እኮ፤ ሰው የለም እንዴ?» አለ። ያ ሁሉ ሰው ከገመዱ ጀርባ እየሰማው። ወዲያው ኤክስትራ ይፈለግ ተባለ። ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ፣ የቡድኑ ሹፌርና የፕሮዲዩሰሩ የአጎት ልጅ መንገደኛ ሆኑ። ሹፌሩ ባዶ ፌስታል ተሰጠው። ባዶ ፌስታል የያዘ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል፤ እጁ ይወዛወዛል፣ ትከሻው አይዘምም። በግራ ወጣ፣ ጃኬት ቀይሮ በቀኝ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። ከአጠገቤ አምስት ኪሎ ድንች ተሸክመው የቆሙ እናት ለረጅም ጊዜ ካስተዋሉት በኋላ «ምነው ይሄ ልጅ፣ ቤት ጠፍቶበት ነው?» አሉ። ድንቹን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው ሲያዛውሩ ያሳዩት መንገደኛነት በየትኛውም ትምህርት ቤት አይገኝም። ካሜራው ግን ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ሌሊት ቀረጻና ስለ ውሾች ነበር፤ መንገዱ ስለተከፈተ አልተጻፈም።

ለዳይሬክተሮች አንድ ልመና አለን። መንገደኛ ሲያስፈልጋችሁ ከገመዱ ወዲህ ሞልተናል። ክፍያ አንጠይቅም፣ ፌስታላችን ሙሉ ነው፣ የምንሄድበትም ቦታ አለን። ካሜራውን አናይም፤ እሳት ላይ የተውነው ወጥ አለ። ልቀቁንና ቅረጹን።