የቮልሷ ማደሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ «ለመኪናዬ ቤት ልሠራ ነው» ብሎ የሚታመን ሰው የለም። ሰሚው ሁሉ ፈገግ ይልና «በስንት ልታከራየው ነው?» ይላል። አይፈረድበትም። በአባቶቻችን ዘመን ለመኪና ተብለው የተሠሩት ቤቶች ዛሬ አንዱ ጸጉር ቤት፣ አንዱ ጁስ ቤት፣ አንዱ ሱቅ ሆኗል፤ ባለመኪናው ራሱ አስፋልት ዳር አቁሞ ለዘበኛ ይከፍላል። እኔ ግን የምር ለመኪና ነበር።

መኪና ስል ቮልስ ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት። ግቢያችን ውስጥ አቮካዶ ሥር ትቆማለች። አቮካዶው ለጋስ ዛፍ ነው፤ ያፈራውን ሁሉ ሌሊት ሌሊት ጣሪያዋ ላይ ያራግፈዋል። ባለቤቴ «ዛፉን ቁረጠው» ስትለኝ «እናቴ የተከለችው ነው» እላለሁ። «እንግዲያው መኪናዋን ሽጣት» ስትለኝ «አባቴ የገዛት ናት» እላለሁ። እንግዲህ የቀረው መጠለያ መሥራት ነው፤ ሦስት ሜትር በአምስት፣ ቆርቆሮ ክዳን።

እንደ ጨዋ ዜጋ መጀመሪያ አዋጁን አነበብኩ። በጊዜው የሚሠራበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ፋብሪካውና ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ «ሐ» ውስጥ ነው። ፎቅ የሌለውና በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠው ደግሞ «ሀ» ውስጥ ይገባል። ከመጨረሻዎቹ መጨረሻ በመሆኔ እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ከግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ አንድ አዛውንት ማመልከቻ ጸሐፊ ይቀመጣሉ። ጉዳዬን ስነግራቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ለመኪና?»

«ለመኪና።»

«ልጄ፣ እኔን የነፍስ አባት በለኝ። እውነቱን ንገረኝና አሳምሬ ልጻፍልህ።»

እውነቱ እሱ መሆኑን ሲረዱ እያዘኑ ጻፉ። «…ቤቱን ለሰው መኖሪያነት፣ ለንግድም ሆነ ለእንጀራ መጋገሪያነት የማላውለው መሆኑን በታላቅ አክብሮት…» ይላል። እንጀራን ማን አነሳው ብዬ ብጠይቃቸው «ሳይጠይቁህ መልስ» አሉኝ። ብልሃት መስሎኝ ፈረምኩ።

ጉዳዬን የያዘው ወጣት መሐንዲስ ማመልከቻውን አነበበና ቀና አለ። «ጋሼ፣ እንጀራው የምንድን ነው?»

እንጀራ እንደማልጋግር ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ከዚያ ወደ ፕላኑ ዞርን።

«መስኮቱ ለምን አስፈለገ?»

«ለአየር።»

«መኪናዋ ውጭ ስታድር አየር አንሷት ያውቃል?» መስኮቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። «ቧንቧውስ?»

«ለማጠቢያ።»

«ቧንቧ ካለ ሽንት ቤት ይከተላል። ሽንት ቤት ካለ ተከራይ ይከተላል።» ቧንቧውም ተሰረዘ። ልጁን ወደድኩት ማለት ነው የሚቀለኝ፤ ይህን ከተማ የሚያውቀው ልቅም አድርጎ ነው። የክዳኑ ውሃ ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ፣ የግብሩ ክሊራንስ እንዲመጣ፣ ካርታው ከነኦርጅናሉ እንዲቀርብ አለኝ፤ ይኼ የተለመደው ነው፣ አልፈዋለሁ።

የአየር ካርታው ጉዳይ ግን አይታለፍም። ይዞታ በተነሳ ቁጥር በ1997 ዓ.ም. ከአየር ላይ የተነሳው የከተማዋ ፎቶ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ለምስክርነት ይጠራል። ልጁ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞረው። የአባቴ ቤት ክዳን ይታያል፣ አቮካዶው ይታያል፣ ከጎኑ ደግሞ አራት ማዕዘን ነጭ ነገር ጉብ ብሏል።

«እዚህ ቤት ነበር። የታለ? በማን ፈቃድ ፈረሰ?»

አፍጥጬ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ገባኝ። የእህቴ የሠርግ ድንኳን ነው! አውሮፕላኑ እኛ ስንጨፍር ከላይ ያነሳን ነበር ማለት ነው።

«ማስረጃ አለዎት?»

የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ይዤ ቀረብኩ። የቢሮው ሰው ተሰበሰበ፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ወንበሩን ስቦ መጣ። ድንኳኑ ልክ በቦታው ቆሟል። ዓመተ ምሕረቱን ያረጋገጠችልኝ ግን ጸሐፊዋ ናት፤ የሚዜዎቹን ሱፍ ስፋት አይታ «እውነቱን ነው፣ ያኔ ነው» አለች። ኬኩ እስኪቆረስ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አልተመለሰም።

ቀጥሎ መኪናዋ መኖሯ በመስክ ይረጋገጥ ተባለ። ልጁ ከአንድ መዝጋቢ ጋር መጣ። የቮልሷን የፊት ኮፈን ከፍቶ ትርፍ ጎማና ክሪክ አየ።

«ሞተር የለም» አለ። መዝጋቢው ጻፈ።

«ከኋላ ነው ያለው» ብዬ ከፈትኩለት።

ጎንበስ ብሎ ሲመረምር ቆየ። «ማን አዛወረው?»

ጀርመኖች ሲሠሯት ጀምሮ እንዲህ እንደሆነች፣ የመጨረሻዋ እህቷም በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ሜክሲኮ ስልም አደባባዩን ሳይሆን አገሩን እንደሆነ አስረዳሁ። መዝጋቢው «ሞተር የለም» የሚለውን ሳይሰርዝ ከሥሩ «ከኋላ ተገኝቷል» ብሎ ጨመረበት። ወረቀቱ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ እንደዚያው አለ።

ደግነቱ ፈቃዱ ወጣ። ማኅተሙ ካረፈበት በኋላ ያ ልጅ በር ድረስ ሸኘኝ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እንዲያው ድንገት መኪናዋን የሚሸጧት ከሆነ… አከራዬ ኪራይ ጨምሬያለሁ ብሎኝ ቤት እየፈለግኩ ነው።»

«መስኮት የለውም እኮ» አልኩት። «ቧንቧም የለው።»

ትንሽ አሰበ።

«የፕላን ማሻሻያ ማስገባት ይቻላል። ማመልከቻውን ግን ውጭ አያስጽፉ።»