ጉንጭ ተፈትጎ የተገኘ አባት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር አባቶቻችን። አሁን ጉዱ መስከረምን አልጠብቅ ብሎ በየሳምንቱ ይመጣል። እናንተ ጉልበታችሁን እያሻችሁ ይህን ዘመን የምትታዘቡ እኩዮቼ፣ ስሙኝማ! እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አባት ፋርማሲ ይሸጣል። አዎ፣ አባት! ከሳል ሽሮፑ አለፍ ብሎ፣ ከእርግዝና መመርመሪያው ጎን ተደርድሯል። ካርቶኑ ላይ ሕፃን ያቀፈ ሰው ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ውጤቱ ሳይመጣ ፎቶ የተነሣ መሆን አለበት።

በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር መች ይታሰብና! የልጅ አባት ማን እንደሆነ አገር ያውቀው ነበር። የማያውቅ ቢኖር ባልየው ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ብሎት ይኖራል። ጥርጣሬ ቢነሣ እንኳ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ሕፃኑ ታቅፎ ይቀርባል። ጆሮው ይታያል፣ የእግሩ ጣት ይታያል፣ አስተኛኘቱ ይታያል። ጆሮ አይዋሽም! እንዲያውም በሰፈራችን አንዱን ሕፃን ሽማግሌዎቹ በተለያየ ጊዜ ለሦስት ሰው ፈርደውት ነበር። ሦስቱም በየዓመት በዓሉ ልብስ ይገዙለት ነበርና እንደሱ አምሮበት ያደገ ልጅ አላየሁም።

ነገሩ ዳኛ ፊት ከቀረበም ችኮላ ብሎ ነገር የለም። እናትየዋ ትምላለች፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ይደራረባል፣ ልጁም እዚያው ችሎት ደጃፍ ያድጋል። ፍርዱ በሚሰጥበት ቀን ጢም አውጥቶ ስለሚደርስ ዳኛው ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ለማየት ይመቻቸዋል። የዛሬው ላቦራቶሪ ናሙናው በደረሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ውጤቱን ስልክ ላይ ይልካል። በጥቂት ቀን ስለ ሰው ምን ይታወቃል? ደግሞ መዘግየቱ! ታች ቤዝመንት የሚኖረው ጎረምሳ የላከው ውጤት እስኪመጣ እሱም እኔም እንቅልፍ አጥተን ከረምን።

እኔ በሰው ጉዳይ አልገባም። ያን ቀን እሱ ኩሽና የተገኘሁት ጨው ልበደር ነው። ካርቶኑን ከፍቶ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል፤ ጫፋቸው ላይ ጥጥ የተጠመጠመባቸው ረዣዥም እንጨቶች፣ የወረቀት ፖስታዎች፣ የሚፈረምበት የፈቃድ ቅጽ። ጉንጭን ከውስጥ በጥጡ መፈተግ ነው ሥራው። ከዚያ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ የለም። እሱ ግን ቡናውን ፉት እያለ ይፈትጋል። ሕፃኗ ጡጦዋን ገና ከአፏ ማውጣቷ ነው። እንጨቱን በርበሬው አጠገብ ጣል አደረገውና ጥቂት ቆይቶ ከነርጥበቱ ላስቲክ ውስጥ ሊከተው! «ልጄ፣ አድርቀህ በወረቀት ፖስታ ነው፤ ላስቲክ ርጥበት ያፍንና ናሙናውን ባክቴሪያ ይጫወትበታል» አልኩት። መመሪያው ተዘርግቶ ስለነበር ዓይኔ አርፎበት ነው፤ በጀርባውም በኩል።

«ጋሼ፣ አያስቡ፤ 99.99 ከመቶ እኮ ነው» ይለኛል። እነዚህ ልጆች ነጥብ ካልጨመሩ ቁጥር አይጠሩም። እሺ፣ ማሽኑ አይሳሳት። ሃያና ከዚያም በላይ የሆኑ የዲኤንኤ ምልክቶችን ያነጻጽራል፤ ልጅ በየምልክቱ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። አባት ነው የተባለው ሰው በብዙዎቹ ካልገጠመ ዜሮ ተብሎ ይሰናበታል። በአንዱ ብቻ ካልገጠመ ግን ወዲያው አያባርሩትም። ዘር ሲተላለፍ አልፎ አልፎ ለውጥ ይኖራልና አጥብቀው ያዩለታል። ናሙናው ቢበላሽም አብዛኛውን ጊዜ ውጤት አልተገኘም ይባላል እንጂ አባት አይቀየርም። ይህን ያህሉ ጥሩ።

ግን ፖስታው ውስጥ የገባው የማን ጉንጭ ነው? ማን አየ? ማሽኑ ጥጡን ያውቃል እንጂ ጥጡ ማን አፍ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ አያውቅም። ጓደኛውን «ና እስቲ አንዴ አፍህን ክፈት» ብሎ የላከ ሰው፣ ላቦራቶሪው ስለ ጓደኛው እውነቱን ይነግረዋል። ለዚህ ነው ፍርድ ቤቱም ኢሚግሬሽኑም የቤቱን ምርመራ አልቀበልም የሚለው። መታወቂያ አይቶ፣ ናሙናውን በእጁ ወስዶና አሽጎ የሚልክ ገለልተኛ ሰው ይፈልጋሉ። ይኸው! ስንት ዶላር አፍስሰው ዞረው ዞረው ወደ ምስክር ተመለሱ። ምስክርማ እኛ ነበርን፤ ለዚያውም በጠላ።

ደግሞ ወንድም ካለ ጣጣ ነው። ወንድማማቾች ዲኤንኤ ስለሚጋሩ፣ እናትየዋ ካልተመረመረችና ላቦራቶሪው ወንድም መኖሩን ካልሰማ፣ አጎት አባት መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች ከሆኑማ ተራው ምርመራ ጨርሶ አይለያቸውም። የሌላ ሰው መቅኔ የተተከለለት ሰውም ጉንጩ ሲፈተግ የለጋሹ ዲኤንኤ ሊገኝበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሰማውንስ? እዚሁ አሜሪካ ባልና ሚስት በሕክምና ርዳታ ልጅ ወለዱ። የልጁ የደም ዓይነት አልገጥም ቢላቸው የቤት ምርመራ አደረጉ፤ አባት አይደለም። ሌላ ላቦራቶሪ ሄዱ፤ አባት አይደለም። በመጨረሻ ሲጣራ ሰውየው የልጁ አጎት መስሎ ታየ። ለካ ገና ማሕፀን ሳለ የጠፋ መንታ ነበረው፤ የመንታውን ሕዋሳት በሰውነቱ ይዞ ተወልዷል፣ ከዘሩም ከፊሉ የዚያ ያልተወለደ ወንድሙ ነው። ይህን ማን ሽማግሌ ይሸመግለዋል?

ለነገሩ ፈረንጅም ድሮ ጨዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የደም ዓይነት ምርመራ ቻርሊ ቻፕሊንን የአንዲት ሕፃን አባት ሊሆን አይችልም አለ። የካሊፎርኒያ ጁሪ ግን ምርመራውን ወደ ጎን ትቶ አባት ነህ ብሎ ፈረደበት፣ ተቆራጭም ክፈል ተባለ። ዳኝነት ማለት ይህ ነው! ጆሮዋን አይተው መሆን አለበት።

የኛ አገር ሕግማ ጨዋነቱን አልተወም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ከፈረሰም በ300 ቀን ውስጥ የተወለደው በጋብቻ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። ቀን ቁጠር አለ እንጂ ጉንጭ ፈትግ አላለም። ከዚያም በፊት አውራ ጣት ማር ተቀብቶ እያጠቡ የሰው ልጅ የጡት ልጅ ይደረግ ነበር፤ የሟች ወንድምን ልጅ «ልጄ» ብሎ ማሳደግም የወግ ነበር። አሁን እንዲህ ያለ አባት ኤምባሲ ሲቀርብ በጥጥ እንጨት ውሸታም ይባላል። ዘር ከሆነ እኔ እስከ ሰባት ቤት አጥንት ቆጥሬ እነግራችኋለሁ፤ አራተኛው ላይ ብቻ ስሙ ይጠፋብኛል።

የጎረምሳው ውጤትም መጣ፤ አባት ነው። ፊቱኑም ነው ብዬው ነበር። በኋላ አይደለም ያልኩት የሕፃኗን ጆሮ በጎን ስላየሁት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ልጅ ያሳደገው ነው፣ አትፈትጉ። አንድ ሰው ሲቀር። ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን አንድ ሰውዬ ተነሥቶ «የአባትህ ልጅ ነኝ፣ ከቤቱ ድርሻዬን» ይለኛል። አገር ያውቀዋል አሉኝ፤ አገር ምን ያውቃል? አባትህ ናቸው ያሳደጉት አሉኝ፤ ማሳደግና መውለድ ምን አገናኘው? ጆሮው ቁርጥ የአባትህን አሉኝ፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ወራሽ ሊሆን ነው? ይመርመር! ያውም በፋርማሲው ካርቶን አይደለም። መታወቂያ ታይቶ፣ በምስክር ፊት፣ ኢሚግሬሽን እንደሚጠይቀው ኤኤቢቢ የተባለው ድርጅት ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይሁን። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለሌሉ የሚነጻጸረው ወንድም ከወንድም ነው። በአባት ብቻ ለሚገናኙ ደግሞ እንዲህ ያለው ምርመራ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ነገሩ በሽምግልና ይታያል፣ ሽማግሌዎቹንም እኔ እመርጣለሁ። ወንድምህ ነው ብሎ ቢመጣስ? ያ አሜሪካዊ አለ አይደል፤ የዚህ ሰውዬ መንታ ማሕፀን ውስጥ እንዳልጠፋ በምን ይታወቃል? ያም ሆነ ይህ፣ የምርመራውን ወጪ እሱ ይቻል።