«ኢንደሚክ» ብለው ከመጻፍዎ በፊት

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከሄዱ ኮሶ ዛፍ ሥር ፎቶ መነሣትዎ አይቀርም። ፎቶውንም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይልኩታል። አደጋው የሚመጣው ይኼኔ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንድ መሥመር ጣል ማድረግ ያምርዎታል፤ እጅዎም ሳያማክርዎ «ኢንደሚክ ቱ ኢትዮጵያ» ብሎ ይጽፋል። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እጅዎን ይያዙት!

ቃሉ መሐላ ነው። «ኢንደሚክ ቱ ኢትዮጵያ» ሲሉ፣ ይህ ነገር በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይበቅልም ብለው መማልዎ ነው። ኮሶ ደግሞ ኬንያም፣ ታንዛንያም፣ ሩዋንዳም ተራራ ላይ ቆሞ፣ ያ ቀላ ያለ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ አበባውን ቁልቁል አንዠርጎ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ስለሆነ ብቻ ሞቼ እገኛለሁ ብለው አይከራከሩ። በስም ከሆነማ «ኮፊያ አረቢካ» የተባለውን ቡናችንን ለዐረቦች ማስረከባችን ነበር።

ለኮሶ የሚስማማው «ኢንዲጂነስ» ነው፤ በእኛው «ሀገር በቀል»። ማንም አላመጣውም፣ እዚሁ በቅሏል፤ ሌላም ቦታ ቢበቅል አንቀየምም። የሐበሻ ጥድም እንደዚያው ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ሳዑዲ ተራሮች ላይ አለ፤ ወደ ደቡብ ደግሞ እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእንግሊዝኛው አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ዋልያንም፣ ቀይ ቀበሮንም፣ ጭላዳንም «ብርቅዬ» እያልን አደግን። ብርቅዬ ማለት እኮ እንደ ልብ የማይገኝ ነው። መቶ ጭላዳ በአንድ ገደል አፋፍ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያየ ሰው ምኑ ነው ብርቁ ቢል አይፈረድበትም። ኢንደሚክነቱ ግን አያጠራጥርም። ማነሱንና የእኛ ብቻ መሆኑን በአንድ ቃል ጠቅልለን ስናበቃ፣ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ሁሉም ነገር «ኢንደሚክ» ሆኖ አረፈው።

ቃሉን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ካሉ ኮርች ይፈልጉ። ገጠር ውስጥ ቆርጠው ለአጥር የሚተክሉት፣ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ ሳይንሳዊ ስሙ «ኤሪትሪና ብሩሲ» ነው። አይደንግጡ፣ ድንበር አልተነካም። «ኤሪትሪና» በግሪክኛ «ቀይ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ኤርትራም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ከቀይ ባሕር ነው። ብርብራንም እንዲሁ ያለ ሥጋት «ኢንደሚክ» ይበሉት።

ድንበር ካነሣን ዘንዳ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ያንን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ያውቁት የለ? እስከ 1985 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብቻ እየተባለ ይጻፍለት ነበር። ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ምስኪኑ ቁራ ከዛፉ ሳይነሣ የሁለት አገር ዜጋ ሆኖ አደረ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ትልቁ የእጽዋት መጽሐፍ ብልህ ነው፤ ስሙን «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ብሎ ተገላገለ። በውስጡ ወደ 6000 ዝርያዎች አሉ፤ «ኢንደሚክ» ሊባል የሚችለው ከአሥር አንዱ ያህል ነው። እንግዲህ ዐይንዎን ጨፍነው ቃሉን በየዛፉ ቢለጥፉት ከአሥር ዘጠኙን ይስታሉ ማለት ነው።

መስተዋድዷንም አይናቁ። ዋልያ «ኢንደሚክ ቱ» ነው። «ኢንደሚክ ኢን» ካሉ ግን ሐኪም የሚጽፈው ይሆናል፤ ወባ በዚህ ቆላ ሥር ሰድዷል እንደ ማለት። በአንዲት መስተዋድድ ዋልያውን በሽታ አደረጉት።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ዝም ማለት ይሻላል። ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አወጣ፤ ዛሬም መዝገቡ ላይ «ኤግዞቲክ»፣ በእኛው «መጤ» ነው። ጉለሌ ላይ ለሀገር በቀሎቹ ቦታውን እንዲለቅ እየተደረገ ነው። አያቴ በጥላው ኖረው በጥላው ስላረፉ እኔ በዚህ ጉዳይ ፍትሐዊ መሆን አልችልም።

የቀረችው ቡና ናት። ዱር በቀል አረቢካ ደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ ላይም፣ ኬንያ ማርሳቢት ተራራ ላይም አለ፤ ስለዚህ እሷም በጥብቁ ሕግ «ኢንደሚክ» አትባልም። ይህንን ግን ከጉለሌ ተመልሰው ቡና በተፈላበት ቤት ለመናገር ከቆረጡ፣ ቢያንስ በረካው እስኪቀዳ ይጠብቁ።